ደማም የምትቀረው ቆዳዬ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ራሴን በማይክሮስኮፕ አየኋት... እሷም አየችኝ።

አትሳቁ። የምሠራው ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ ያለ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሴል ውስጥ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ እኛ የምናጠናው ክሮቹን ሰብስበው ቦታ ቦታቸውን የሚያስይዟቸውን ፕሮቲኖች ነው። ክቡር ሙያ ነው፤ የክር አለቆችን መሰለል።

አምና አለቃችን ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ቆዳ ፈለገ። ከዚያ በፊት ጤነኛ ብሎ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ ደስ ብሎኝ ክንዴን ዘረጋሁ። ምስር የምታህል ቆዳ ወሰዱ። የራስን ሴል መንካት ክልክል ስለሆነ፣ ሂንድ የምትባል ሳዑዲያዊት ባልደረባዬ ታሳድጋት ጀመር። «ልጅሽ በላች፣ ልጅሽ ሰፋች» ትለኛለች። እኔም እንደ ሰነፍ እናት «አልሐምዱሊላህ» ብዬ አልፋለሁ።

ዘንድሮ የአባቴ ካፊል፣ አሠሪና ዋሱ፣ ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ አላድስም አለ። ኸላስ፣ ለመላው ቤተሰብ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ተመታ። እዚሁ ተወልጄ፣ ራካ ሰፈር አድጌ፣ ነገ በጉብኝት ብቻ ወደማውቀው አገሬ «እመለሳለሁ»።

ትናንት የመጨረሻ ቀኔ ነበር። «ሂንድ፣ ሳልሄድ አሳዪኝ» አልኳት።

መብራቱን አጠፋችልኝ። አንዷ ሴል ለመከፈል ክብ ሆናለች። አረንጓዴ ክሮቿ ከሁለት ጫፍ ተወጥረው፣ መሃላቸው ጥቁር... ዓይን! ቁርጥ የኔ ዓይን። እያየኋት መሃሏ ቀስ ብሎ ለሁለት ተሳበ። እኔ ሳላዝዛት፣ ሳልኖርባት... እኔ ናት። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ በላኝ።

«ሂንድ፣ በረኪና ስጪኝ።»

«መጅኑና ነሽ? ምን ልታደርጊ?»

«ልገድላት ነው። ራሴን ሰሃን ላይ ትቼ አውሮፕላን አልሳፈርም።»

ሂንድ በረኪናውን ከመደርደሪያው አወረደች። «ፈቃድሽን ማንሳት መብትሽ ነው። አንዴ አፍስሺ በይኝ፣ ራሴ አፈስበታለሁ» አለች።

አፌ እምቢ አለኝ። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ቤት ሻንጣ እያሰረች ነበር።

«እማ፣ አንድ ነገር ረስተናል።»

«ምን? ፍሪጁን እንደሆነ ሰጥተነዋል!»

ሁሉንም ነገርኳት። ሻንጣው ላይ ስትጠቀልለው የነበረው ፕላስተር ድምፁ ቆመ።

«ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ይበርዳታል?»

«አይበርዳትም፤ ልክ የሰውነቴን ሙቀት አድርገውላታል።»

«ማን ያያታል?»

«ሂንድ።»

ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማት የፈራች ይመስል በሹክሹክታ፦ «ተያት፣ ሀዩ። ከኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይቅር።»

በረኪናውን መደርደሪያው ላይ መለስኩ። ሂንድ ሰሃኗን ሙቀት መጠበቂያው ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች።

ነገ አየር ማረፊያ «ሁላችሁም እየወጣችሁ ነው?» ቢሉን፣ አባቴ አዎ ይላል። እኔና እማዬ ግን ጫማችንን እናያለን።