ቄሱ አጎቴ አባታቸውን ሲቀብሩ

አጎቴ ቄስ መሆናቸውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ መስቀል ይዘው የተነሱት ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ቄስ እንደሆኑ ግን የነገረኝ የለም። እንጅባራ ተወልጄ ላደግኩት ለእኔ ቄስ ማለት ቄስ ነው፤ ሌላ ዓይነት ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መጀመሪያ የሰማሁት ከጎረቤት ልጅ ነው። ገመድ ስንዘል ተጣላንና "የአንቺ አጎት ካቶሊክ ነው!" አለችኝ። ስድብ መሆኑ ከድምጿ ገባኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

"እማዬ፣ ካቶሊክ ምንድን ነው?"

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ክርስቲያን ነው።"

"እንደኛ?"

"እንደኛ።"

"ታዲያ ለምን ትሰድበኛለች?"

"እንደኛ ስላልሆነ" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እነዚህን ሁለት መልሶች ለማስታረቅ ስንት ጊዜ ራሴን እንዳደከምኩ አልነግራችሁም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያኔ ከጫግኒ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ ባለ ሚሲዮን ያገለግሉ ስለነበር የሚመጡት በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ "አንተ" እያለች በልጅነት ስማቸው ትጠራቸዋለች፤ ከበር ስንወጣ ግን "አባ፣ እርስዎ" ይሆናል። እኔ በመጡ ቁጥር ከዓይኔ አላወጣቸውም። የሆነ የተለየ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ፤ የት ጋ እንዳለ ነው ያጣሁት። ሲያማትቡ አየሁ፤ ከግንባራቸው ወደ ሆዳቸው፣ ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ። እንደኛ ነው። ረቡዕ ቀን እናቴ ሆን ብላ ይሁን ተሳስታ ወተት ብታቀርብላቸው "ሽሮ የለም እንዴ?" አሉ። ይኸም እንደኛ ነው። መቁጠሪያቸውን ሰርቄ ነካካሁት። ከአያቴ ደብር መነኮሳት መቁጠሪያ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። አንድ ቀን እቅጩን ልነግራት ወደዚያች የጎረቤት ልጅ ሄድኩ።

"አጎቴ ካቶሊክ አይደሉም" አልኳት። "አይቻለሁ።"

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አያቴ፣ የእናቴና የአጎቴ አባት፣ አረፉ። የአያቴ አገር ከዳንግላ ወጣ ያለ ገጠር ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ባጃጁ ጭቃው ላይ አውርዶን ተመለሰ፤ የቀረውን በእግር ሄድን። አጎቴ እስኪደርሱ ቀብሩ ለማግስቱ ተላልፎ ነበር። በማግስቱ ማለዳ መጡ፤ የከተማ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እናቴ ስታያቸው ጮኸች፤ ተቃቀፉና ቆሙ። እኔ አልቅሼም ሳልጨርስ የሽማግሌዎች ክርክር ተጀመረ።

ያያቴ ግቢ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በአዊኛ ይናገሩ ነበር። አባቴ አማርኛ ብቻ ስለሚያውቅ በቤታችን አዊኛ አይነገርም፤ ስለዚህ እኔ የምሰማው ግማሹን ነው።

"ልጁ ነው፤ አባቱን አይቀብርም እንዴ?" አሉ የአያቴ ወንድም።

"ይቅበር፤ ማን ከለከለው?" አለ አንድ ጎልማሳ። "ግን በየትኛው ሥርዓት? ከካህናቱ ጋር ሊቆም ነው?"

ቀጥሎ የመጣው አዊኛ ነበር፤ ረጅምና ፈጣን። መሃል ላይ የደብሩ መሪጌታ መጡና ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። መሪጌታው የአጎቴ እኩያ ናቸው፤ ጺማቸው ግን ከአጎቴ ቀድሞ ሸብቷል። ፊት ለፊት ቆመው ተያዩ። ሰላም አልተባባሉም።

"አባ" አሉ መሪጌታው፤ "እንዴት ሆነው ነው የመጡት?"

ጥያቄው አልገባኝም። በአውቶቡስ ነዋ የመጡት!

አጎቴ ግን ገባቸው። "ልጁ ሆኜ ነው የመጣሁት" አሉ። "ሌላ ምንም ሆኜ አይደለም።"

ቆባቸውን አወለቁ። በአንገታቸው ያለውን መስቀል አወጡ፤ ኪሳቸው ያለውን የእጅ መስቀልም ጨመሩ። ዙሪያቸውን ሲያዩ ከሁሉም የምቀርባቸው እኔ ነበርኩ።

"ያዢልኝ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ወዲያው ጭንቅ ያዘኝ። መስቀል እጅ ላይ ሲሆን ይሳለማሉ፤ ይኼ የአጎቴ መስቀል ነው፤ ስድብ የተሰደብኩበት። ልሳለመው? ባልሳለመው ኃጢአት ይሆናል፤ ብሳለመውስ? እናቴን በዓይኔ ፈለግኳት፤ በሴቶች መሃል ሆና ደረቷን እየደቃች ነው። ወደ አፌ ግማሽ መንገድ ድረስ አንስቼው፣ ሰው ያየኝ መስሎኝ አወረድኩት። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ይዤው ዋልኩ።

የአያቴ ዳማ ፈረስ ተጭኖ ወጣ። አያቴ በዘመናቸው የታወቁ ፈረሰኛ ስለነበሩ የአካባቢው ፈረሰኞች ከፊትና ከኋላ ተሰልፈው ነበር። የሟቹን ፈረስ የሚስበው የበኩር ልጅ ነው፤ አጎቴም ልጓሙን ያዙ። ጋቢ ለብሰው፣ ባዶ ራሳቸውን ሆነው፣ በዚያ በሚያዳልጥ ጫማ ከፈረሱ ጎን ሲሄዱ ቄስ አይመስሉም ነበር። ፎቶውን ሳላውቅ ባያቸው ኖሮ ገበሬ እላቸው ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ካህናቱ የፍትሐት ጸሎት ጀመሩ። አጎቴ ከወንዶቹ ጋር፣ ከኋላ በኩል ቆሙ። እኔ በጎን ስለነበርኩ ፊታቸው ይታየኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስተውል መሪጌታው አፋቸውን ሲከፍቱ አጎቴም ይከፍታሉ፤ መሪጌታው ሲያርፉ አጎቴም ያርፋሉ። ግእዙ ረጅምና አስቸጋሪ ነው፤ እሳቸው ግን አንዲት ቃል አልሳቱም። ድምፃቸው ብቻ አልወጣም። መሪጌታውም አይተዋቸዋል፤ ዓይናቸውን ከአጎቴ ላይ ሳያነሱ ነበር እስከ መጨረሻው የጸለዩት።

የእናቴን ነጠላ ሳብኩ። "እማዬ፣ አባ የኛን ጸሎት እንዴት አወቁት?"

"ዝም በይ" አለችኝ።

አፈሩን መጀመሪያ የመለሱት አጎቴ ናቸው። እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክከው፣ በአዊኛ ለአባታቸው የሆነ ነገር አሉ። በዙሪያቸው የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ አለቀሱ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ ማንንም ብጠይቅ "የልጅ ነገር ነው" ከማለት በቀር የነገረኝ የለም።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ግራ የሚያጋባው ነገር ይብሱን በዛ። መስቀልና ቆባቸውን መልሼላቸው ስለነበር ቄስ ሆነው ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ሰው ገብቶ ራቅ ብሎ እጅ ይነሳና ይወጣል። አንዲት አሮጊት ግን ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ተሳለሙ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው "እኚህ አባት የየትኛው ደብር ናቸው?" አሉ።

"የሩቅ ናቸው" አለች እናቴ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መሪጌታው መጡ። ከቤቱ ጀርባ ግራሩ ሥር ከአጎቴ ጋር ብቻቸውን ተቀመጡ። ውሃ ይዤላቸው ስሄድ በአዊኛ ይጨዋወቱ ነበር፤ ሁለቱም እንደ ተማሪ ልጅ ይስቃሉ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ዞር ስል ሳቁ ቆመ። መለስ ብዬ ባይ መሪጌታው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ብዙም ሳይቆዩ ተነሥተው ሄዱ።

"ምን ሆነው ነው?" ብዬ እናቴን ነዘነዝኳት። እናቴ ያኔ ነው ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ መምህር ሥር አብረው ዳዊት የደገሙ፣ አብረው ቁራሽ የለመኑ መሆናቸውን የነገረችኝ። "ጓደኛው በሕመሙ ጊዜ ጥሎት ሄዶ ነው ያ ሁሉ የመጣው" አለች። የአያቴ ወንድም ሚስት ደግሞ በዚያው ቀን ተቃራኒውን ነገሩኝ፤ "አጎትሽ ነው ጓደኛውን ጥሎ ወደ ፈረንጆቹ የሄደው።" ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ።

እውነቱን አጎቴን ራሳቸውን የጠየቅኳቸው መሰናዶ ስገባ ነው። ለሕክምና እንጅባራ መጥተው እኛ ጋ ሰነበቱ። አንድ ከሰዓት በባጃጅ ዘንገና ሐይቅ ሄድን። ዳገቱ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ውሃውን ቁልቁል ስናይ፣ ለዓመታት የያዝኩትን አወጣሁት።

"አባ፣ ማን ነው ማንን ጥሎ የሄደው?"

ሳቁ። "ማንም ማንንም አልጣለም" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች ጺማቸው ገና ሳይበቅል፣ ልብስ መግዣ ለማግኘት አዝመራ ሊሰበስቡ ወደ ቆላ ወረዱ። ጫግኒ ገበያ ላይ አጎቴን ወባ ጣላቸው። ጓደኛቸው ጥላ ሥር አስተኝቷቸው የአገር ሰው ሊፈልግ ሮጠ። እሱ ሳይመለስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የሚያቃስት ልጅ አይቶ አዝኖ፣ ጭኖ ሚሲዮኑ ክሊኒክ አደረሳቸው። ጓደኛቸው ሲመለስ ጥላው ሥር ማንም የለም። ገበያውን አሰሰ፣ የሚያውቅ አጣ፤ ብቻውን አገሩ ገብቶ "ጠፋብኝ፣ ሞቷል መሰለኝ" አለ።

"አባቴ ለቅሶ ተቀመጡ" አሉ አጎቴ። "እኔ በሕይወት እያለሁ አንድ ጊዜ ተለቅሶልኛል። ወራት ቆይቼ ስመለስ እናቴ እኔን አይታ ሸሸች።"

"ታዲያ ተመልሰው ከመጡ ለምን ካቶሊክ ሆኑ?"

ድንጋይ አንስተው በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር።

"ድኜ ልሄድ ስል፣ እሑድ ጠዋት ከተኛሁበት ሆኜ ቅዳሴ ሰማሁ። በግእዝ። ያደግኩበት ቅዳሴ። ደብር ያለ መስሎኝ ድምፁን ተከትዬ ብሄድ፣ የሚቀድሱት የክሊኒኩ አባት ናቸው፤ ካቶሊክ ናቸው። ያስታመመችኝ ሲስተር ከኋላ ተንበርክካለች። ግራ ገባኝ። እስኪገባኝ ልቆይ ብዬ ቆየሁ።"

"ገባዎት?"

"ጥቂቱ" አሉ። "ሌላውን ደግሞ ወደድኩት።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ነገሩኝ፤ አዲስ አበባ ዘርዓ ክህነት የሚሉት የካህናት ትምህርት ቤት መግባታቸውን፣ ባሕር ማዶ መማራቸውን፣ ወደዚያው ወባ ወደ ጣላቸው ቆላ ተመልሰው ከሰዎቹ ጋር ትምህርት ቤት መሥራታቸውን። አያቴ ለብዙ ዓመታት ዓይናቸውን አላዩም። በመጨረሻ አንድ ጥምቀት በር ላይ ቆመው ተገናኙ።

"ትጾማለህ?" አሏቸው አያቴ።

"እጾማለሁ።"

"ረቡዕና ዓርብን?"

"ረቡዕና ዓርብንም።"

"እንግዲያ ግባ።"

ሁለተኛ ስለ ሃይማኖት አልተነጋገሩም። እኔ ያን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አያቴ ይቅር ብለዋቸው ይሁን ወይስ ደክሟቸው፣ አጎቴም የሚያውቁ አልመሰለኝም።

አሁን እኔም ትዳር ይዤ፣ ወልጄ እንጅባራ እኖራለሁ። ባለፈው ዓመት መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ ሲመለስ ስልኬ ላይ የደረሰው የመጀመሪያ ወሬ አጎቴ የካቶሊክ ካህናት ማኅበራቸው አለቃ ሆነው መመረጣቸው ነበር። በየአገሩ ክፍል ያሉ የማኅበሩ ካህናት ተሰብስበው ድምፅ ሰጥተው ነው አሉ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተችና እንደገና ዘጋችው። "እልል ይባላል?" አለችኝ። "አላውቅም" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ቀጥላ አለቀሰች።

መንገዱ ሲከፈት መጡ። ለአዲሱ ሥራ አዲስ አበባ ጠቅልለው ከመግባታቸው በፊት የቆላ ሰዎቻቸውን ሊሰናበቱ ወደ ጫግኒ ማለፋቸው ነበር። ልጆቼ ዙሪያቸውን ከበቡ።

"አለቃ ሲኮን ምን ይሠራል?" አለ ወንዱ።

"ሰው ሲጣላ ማስታረቅ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ስብሰባ መቀመጥ። ስብሰባው ይበዛል።"

"ደመወዙ ስንት ነው?" አለች ሴቷ።

"ምሳ ያበሉኛል" አሉና ሳቁ።

እኔ ሻይ እየቀዳሁ "እምቢ ማለት አይቻልም ነበር?" አልኳቸው።

ሳቃቸው ቀረ። "ብያለሁ" አሉ። "አርጅቻለሁ፣ ቆላው ይበቃኛል፣ እዚያው ልሙት ብዬ ለመንኳቸው። ሰሙኝና እንደገና እኔኑ መረጡኝ።"

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ቦርሳቸውን ልያዝ ብል እምቢ አሉ። የጫግኒው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ነበር፤ መስኮት አጠገብ ተቀመጡና የልጆቼን ትምህርት፣ የእናቴን ጉልበት፣ የባሌን ሥራ ጠየቁኝ። በረዳቱ ጩኸት መሃል ሁሉንም መለስኩ። እኔ ልጠይቃቸው የነበረው ሌላ ነው፤ በመመረጣቸው ከፍቷቸው ይሁን ደስ ብሏቸው፣ ፊታቸው ላይ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። አፌን ስከፍት መኪናው ተነሣ። እጃቸውን በመስኮት አውጥተው አውለበለቡልኝ፤ እኔም አውለበለብኩ፤ ሚኒባሱ በጫግኒ መንገድ ታጠፈ።