አጥር ሥር የጠራችው አነር

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችን ዘንዘልማ ነበር፤ ከተማው አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ላይ። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ወደ አባባ ወርቁ እንሮጥ ነበር። አባባ ወርቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ያላለቀ ፎቅ የሚጠብቁ ዘበኛ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሳይደክም በፊት ግን ጣና ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከግንባታው የተረፈ እንጨት ያነድዳሉ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ፍሙን እንከብባለን፣ እሳቸውም ደንገሉ ውስጥ ያዩትን አውሬ ያወሩልናል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የአነር ወሬ ነበር። አነር፣ ያቺ ነጠብጣብ የዱር ድመት፣ የምታድነው በጆሮዋ ነው ይሉን ነበር። ሣር ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አይጧ ስትንኮሻኮሽ ብቻ በረጃጅም እግሮቿ ወደ ላይ ተወርውራ በሁለት መዳፏ ትወርድባታለች።

አንድ መስከረም ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ረዥም ሣር ሥር ሁለት ነጠብጣብ የአነር ግልገሎች አገኘሁ። አንዱን በሹራቤ ጠቅልዬ ወሰድሁትና ማገዶ ቤት በካርቶን ደበቅሁት። ወተት ሰጠሁት፤ አልጠጣም።

በማግስቱ ማምሻውን እናቱ አጥራችን ሥር መጣች። እየዞረች ትጮኻለች። በሦስተኛው ቀንም መጣች። አባቴ፣ «ዶሮዎቹን ልትጨርሳቸው ነው» አለና መርዝ ገዝቶ መጥቶ ሥጋ ላይ አድርጎ አጥሩ ሥር አስቀመጠ።

የዚያን ዕለት መብራት ጠፋ። እሳቱ ዳር ብቀመጥም ልቤ አጥሩ ጋ ነበር፤ ነፋስ ቆርቆሮ በነካ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዱ ልጅ ስለ አነሯ ጩኸት አባባ ወርቁን ጠየቃቸው።

«ዶሮ የፈለገች አነር ነጥቃ ትሄዳለች እንጂ እየዞረች አትጮኽም» አሉ አባባ ወርቁ። «እንዲህ የምትጮኸው ልጅ ጠፍቷት ነው።»

«መርዙን ብትበላስ?» አልሁ።

«ትሞታለቻ። የቀረው ግልገሏም ይከተላታል።»

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልሁም። «አባባ፣ እኔ ነኝ የወሰድሁት» ብዬ አለቀስሁ።

አልተቆጡኝም። ምርኩዛቸውን አንስተው፣ «ተነሽ የኔ ልጅ፤ መጀመሪያ ለአባትሽ እንንገር» አሉ።

አባቴ ሰምቶ ረዥም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሥጋውን ከአጥሩ ሥር አንስቶ ጉድጓድ ቆፈረለት። እኔና አባባ ወርቁ ፋኖስ ይዘን ግልገሉን ካገኘሁበት ሣር መለስነው። የእጄ ሽታ እንዲለቅ ሰውነቱን በእርጥብ ሣር አሹት። ራቅ ብለን ቆምን። ግልገሉ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፤ የሚመልስለት ግን አልነበረም። ብርድ ሲይዘኝ እጄን ይዘው ወደ ቤት መለሱኝ።

ጠዋት እየሮጥሁ ብሄድ ቦታው ባዶ ነው። አባባ ወርቁ ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። «እናቱ ወስዳዋለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አነሯ አጥራችን ሥር አልጮኸችም።

ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ አባባ ወርቁ ታመው ልጠይቃቸው ሄድሁ። «አባባ፣ እርስዎ ያን ጊዜ የእናቱን ዱካ አይተው ነበር?» አልኋቸው።

«አላየሁም ልጄ። ጅብም ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ እንዳታጪ ብዬ ነው እንዲያ ያልሁሽ» አሉኝ።

ሌሎቹን ተረቶቻቸውን አብዛኛውን ረስቻለሁ። ይህን ግን ባለፈው ሳምንት፣ ጣና ዳር ስንንሸራሸር ለልጄ ነገርኋት። ግልገሉን ሣሩ ላይ አስቀምጠን የተመለስንበት ላይ ስደርስ ቀሚሴን ይዛ አስቆመችኝ። «ከዚያስ? እናቱ አገኘችው?» አለችኝ። አባባ ወርቁ ለእኔ ያሉኝን ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም። እስካሁን በየቀኑ ትጠይቀኛለች።