ስሜ ይቆይ፣ ውሸቱ ይነሳ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ሰርክአዲስ ራጉኤልን የማያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ቁጭ ብላ ለሆቴሉም፣ ለጋራዡም፣ ለመለዋወጫ ሱቁም ድረ ገጽ ትሠራለች። ቀጣሪ የላትም፣ አለቃም የላትም። አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው ትንሽ ሠርታ ወደ ተወለደችበት ከተማ ስትመለስ ጓደኞቿ "እዚያ ሙቀት ውስጥ ማን ዌብሳይት ያሠራሻል?" ብለው ሳቁባት። እሷ ግን አንዴ ካለች አለች ነው። "ጅቡቲ የሚወርደው መኪና ሁሉ እኔ ደጅ ቆሞ ምሳ ይበላል፤ ሾፌሩ ሁሉ ደግሞ እጁ ላይ ስልክ አለ" አለቻቸውና ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

ሥራው እንደሚወራለት አልጋ በአልጋ አይደለም። ከሰዓት ላይ ላፕቶፑ ከመጋሉ የተነሳ እጅ አያስቀምጥም። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም ዋይፋዩም አብረው ጸጥ ይላሉ። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ካስነሳ ደንበኛን በስልክ ማነጋገር ዘበት ነው። ደንበኞቹም የየራሳቸው አመል አላቸው። አንዱ ባለ ሆቴል ገጹ ሲከፈት ዘፈን ካልተዘፈነልኝ ይላል። አንድ ባለ ጋራዥ ደግሞ ከኢንተርኔት ያገኘውን አብረቅራቂ ፎቶ ልኮላት "ይኼን ከላይ ለጥፊልኝ" አላት።

"ጋራዥዎ ይኼ ነው እንዴ?" አለችው።

"አይ፣ ይኼስ የዱባይ ነው። ግን አያምርም?"

ሰርክአዲስ ስልኳን ይዛ ሄደችና የራሱን ጋራዥ፣ የራሱን መካኒኮች፣ ዘይት የጠጣውን መሬት ሳይቀር አንስታ ተመለሰች። ሰውዬው መጀመሪያ አኮረፈ። በማግስቱ ግን ያንኑ ፎቶ ለሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ሲያሳይ ዋለ። እንዲህ ናት። የሌለ ነገር አትለጥፍም። የሠራችውን ገጽ ደግሞ መስታወቱ በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ቆማ ትሞክረዋለች፤ አልከፈት ካላት አፍርሳ እንደገና ትጀምራለች።

አቶ አብዮት ከሰመራ የደወሉላት ይህንን ስሟን ሰምተው ነበር። አዲስ የግል ክሊኒክ ከፍተዋል፤ ድረ ገጽ ይፈልጋሉ። ሰርክአዲስ በሚኒባስ ሄደች። ክሊኒኩ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ሀዋ የምትባል ወጣት አፋር አዋላጅ ክፍል በክፍል እያዞረች አስጎበኘቻት። እዚህ የእርግዝና ክትትል፣ እዚህ ክትባት፣ እዚህ ደግሞ መደበኛ ወሊድ። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን የተቆለፈ በር ሰርክአዲስ ስትጠይቅ "እሱ ገና ባዶ ነው" አለቻት ሀዋ። ሰርክአዲስ ያየችውን ሁሉ ፎቶ አነሳች፣ የሰማችውን ጻፈች፣ አዋሽ ተመልሳ ረቂቁን ሠራችው። ከሥሩም እንደ ልማዷ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን አስቀመጠች።

ረቂቁን ልታሳያቸው ስትሄድ አቶ አብዮት ቢሯቸው ውስጥ ደስ ብሏቸው ተቀበሏት። ጥቂት ካዩት በኋላ ግን ስልካቸውን አወጡና አንድ ፎቶ አሳዩዋት። ጣሪያው በመብራት የተሞላ፣ አረንጓዴ የለበሱ ሐኪሞች የቆሙበት የቀዶ ጥገና ክፍል ነበር።

"ይኼ ከላይ ይግባ። ከሥሩ 'በቀዶ ጥገና ማዋለድ፣ በማንኛውም ሰዓት' ብለሽ ጻፊበት።"

"ይኼ ክፍል የታለ?"

"ይመጣል። ዕቃው ታዟል።"

"ሲመጣ በዚያው ቀን እጨምረዋለሁ።"

አቶ አብዮት ሳቅ አሉ። "ሰርኬ፣ ይኼ እኮ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ትንሽ ያጋንናል። ሆቴሎቹስ ያጋንኑ የለ?"

"ሆቴል የዋሸው ሰው ተናዶ ወደ ጎረቤት ሆቴል ይሄዳል። ምጥ የያዛት ሴት ወዴት ትሂድ?"

"አንቺ ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። ግን ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ይጽፈዋል።"

"ይጻፈው" አለችና ተነሳች። የገጹን ይለፍ ቃል እዚያው አስረከበቻቸው። ለዚያ ሥራ ብላ የሁለት ሆቴሎችን ሥራ መልሳ ስለነበር ጉዳቱ ቀላል አልነበረም፤ እስከ አዋሽ ድረስ ደሟ እየፈላ፣ መስኮቱን ተደግፋ ገባች።

ወራት አለፉ። ክሊኒኩን ረስታዋለች ማለት ይቻላል። አንድ ጠዋት ጎሚስታው ከመክፈቱ በፊት ስልኳ ጮኸ።

"ሰርክአዲስ የምትባዪው አንቺ ነሽ?" አለ የማታውቀው የወንድ ድምፅ።

"አዎ፣ ማን ልበል?"

"ጁነዲን እባላለሁ፤ የተሳቢ ሾፌር ነኝ። ለመሆኑ እዝጌር የለሽም? አላህን አትፈሪም?"

ሰርክአዲስ ክው አለች። ሰውዬው ትንፋሽ እየቆራረጠው ነገራት። ቤቱ ዲቾቶ ነው፤ ከሰመራ አልፎ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ። ሚስቱን ምጥ ይዟት ልጁ አልወርድ አለ፤ ያዩዋት የጤና ባለሙያ ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ቶሎ ውሰዳት አሉት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ጁነዲን ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ የሰመራው ክሊኒክ ወጣ፤ ያ መብራታም ክፍል ከላይ፣ "በማንኛውም ሰዓት" የሚለው ከሥሩ። ሚስቱን ጋቢና ውስጥ አስተኝቶ ነዳ። ሲደርሱ አዋላጇ አንዴ አየቻትና "እዚህ አይሠራም! ሆስፒታል! አሁኑኑ!" ብላ አብራው መኪናው ላይ ወጣች።

"ተርፋለች፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጄም ተርፋለች" አለ። "ዶክተሩ ግን 'ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እናጣቸው ነበር' አለ። እኔ ደግሞ ገጹን እንደገና ከፍቼ እስከ ታች አየሁት። ስምሽ አለ። ስልክሽም አለ።"

ሰርክአዲስ ላፕቶፑን ከፈተች። እውነት ነበር። ሥራውን የጨረሰው ሰው የእሷን ረቂቅ እንዳለ ወስዶ፣ ውሸቱን ከላይ ጨምሮ፣ ከሥር ያለውን ስሟን ሳይነካው ትቶታል። 'እኔ አይደለሁም የጻፍኩት' ልትል አፏን ከፈተች። ግን ያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያየውን አይቶ፣ አሁን የማን ጥፋት እንደሆነ ማብራሪያ ልትሰጠው አሳፈራት።

"ጁነዲን፣ እሱን ክፍል አልለጥፍም ብዬ ነበር ከሥራው የወጣሁት። ግን ስሜ አለበት። ስለዚህ እመጣለሁ" አለችው።

እናቷ ወይዘሮ ተስፋነሽ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ በር ላይ ቆመው ያይዋት ነበር። "ምን አንከራተተሽ ልጄ? በስልክ ስሜን አንሱልኝ በያቸውና ተገላገዪ።"

"የኔ ስም ማንንም አላሳሳተም እማዬ፤ ያሳሳተው ያ ፎቶ ነው" አለቻቸው።

ሰመራ እንደደረሰች መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሆስፒታሉ ነው። የጁነዲን ሚስት ተኝታለች። ሕፃኗ አጠገቧ ተጠቅልላ፣ ፊቷን ጨምድዳ፣ ዓለምን የተቆጣች ትመስል ነበር። ጁነዲን ሰርክአዲስን ሲያያት መጀመሪያ ፊቱን አዞረ፤ ኋላ ወንበር አቀበላት። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ክሊኒኩ ሄደች።

አቶ አብዮት ነገሩን ሰምተዋል፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። "ስምሽ ሳይነሳ መቅረቱ የዚያ የቴክኒክ ሠራተኛ ስህተት ነው፤ ይቅርታ። አሁኑኑ እናስነሳዋለን" አሏት ገና ሳትቀመጥ።

"ስሜ ይቆይ። ውሸቱ ይነሳ።"

"ምን?"

"ስሜን አንስተው ያንን ክፍል እዚያው ከተዉት፣ የሚቀጥለው ባል የሚደውልለት ሰው ያጣል። ስሜ ይኑር። ክፍሉ ይውጣ።"

"ሴትዮዋ ተርፋ የለም እንዴ!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ለአንድ አጋጣሚ ብዬ ይኼን ሁሉ ያፈሰስኩበትን ንግድ ልዝጋ?"

"ማን ዝጉ አለዎት? የሚሠሩትን ይጻፉ ነው የምልዎት። ክትባቱ አለ፣ ክትትሉ አለ፣ አዋላጇ አለች። ይኼ አነሰ?"

"ውጪልኝ።"

ወጣች። ሀዋ ከኋላዋ እየሮጠች በር ላይ ደረሰችባት። "እህቴ፣ ወላሂ እኔም ታክቶኛል" አለቻት። "በየጊዜው እየመጡ 'ስልኩ ላይ አለ ይላል' ይሉኛል። የለም ማለት የኔ ሥራ ሆኗል።"

ሰርክአዲስ ለሚመለከተው ክፍል አቤት አለች። "እናጣራለን" ተባለች። ያጣሩ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ዲቾቶ ላይ ሴቶች መውለዳቸውን አያቆሙም። አዋሽ ስትመለስ የያዘችውን የሆቴል ሥራ ወደ ጎን አለችና የራሷን ገጽ ጀመረች። ፎቶ የለውም፣ ዘፈን የለውም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። የየከተማው ስም አለ፤ ከአዋሽ ጀምሮ መንገዱን ተከትሎ እስከ ዲቾቶ። ከእያንዳንዱ ሥር የት ክትትል እንዳለ፣ የት እንደሚያዋልዱ፣ የት ኦፕራሲዮን እንደሚሠራ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚነሳ። የማይነሳውን ቁጥር አላስገባችም። በየቦታው ራሷ ሄዳ ጠየቀች፤ መሄድ ያልቻለችበትን ጁነዲን በመንገዱ ሲያልፍ ቆሞ እያየ በስልክ ነገራት። ወደ አፋርኛ ሀዋ ተረጎመችው። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር "እንዲህ ከጻፍሽው እናቴ አትረዳውም" እያለች ሦስት አራቴ አስቀየረቻት። ሀዋ ስሜ ይግባ አላለችም፤ ሰርክአዲስም አላስገባችም። ከሥሩ ያለው የሰርክአዲስ ስምና ስልክ ብቻ ነው።

ገጹ በአሮጌው ስልክ፣ በደካማው ኔትወርክ፣ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ከእጅ ወደ እጅ አሻገሩት።

አቶ አብዮት ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ አዋሽ ላይ ለምሳ ቆሙና እየጠየቁ ጎሚስታ ቤቱ ድረስ መጡ። ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

"ስሜን አጥፍተሻል። ፍርድ ቤት እገትርሻለሁ!"

ሰርክአዲስ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ገጹን ከፍታ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረች። "ይቀመጡ አቶ አብዮት። የትኛው መስመር ውሸት እንደሆነ ያሳዩኝ፤ እዚሁ እያሉ አስተካክለዋለሁ።"

አቶ አብዮት ስለ ክሊኒካቸው የተጻፈውን ቆመው አነበቡ። ከዚያ ተቀመጡና እንደገና አነበቡ። "ይኼ! አልትራሳውንድ የለም ይላል። አለን! ያለፈው ሳምንት ገባ።"

ሰርክአዲስ ወደ ክሊኒኩ ደውላ ሀዋን ጠየቀች። እውነት ነው፤ ገብቷል፤ እየሠራም ነው። ሰርክአዲስ ይቅርታ ጠየቀቻቸውና እያዩዋት አስተካከለችው።

"እና ቀዶ ጥገና የለም የሚለው?" አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ላልቶ።

"አለ?"

ከውጭ ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። እስኪጠፋ ድረስ አቶ አብዮት መሐረባቸውን አጣጠፉ።

"አንቺ ልጅ ንግዴን እየገደልሽ ነው።"

"የርስዎን አልትራሳውንድ አሁን የጻፍኩት በነፃ ነው። ክፍሉ ሲከፈትም በነፃ እጽፈዋለሁ። ሳይከፈት ግን ይክሰሱኝ፣ ያሳስሩኝ፣ አልጽፈውም።"

አቶ አብዮት ተነሱ። "ፍርድ ቤት እንገናኛለን።"

"ቀኑን ይንገሩኝ፤ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ።"

ክስ አልመጣም። ያ መብራታም ፎቶ ከክሊኒኩ ገጽ ላይ ማንም ሳይናገር አንድ ቀን ጠፋ፤ በቦታው "በቅርቡ" የሚል ቃል ገባ። የሰርክአዲስ ስም ግን ከዚያ በፊት ወርዶ ነበር። ሀዋም ክሊኒኩ ውስጥ ብዙ አልቆየችም፤ የሰርክአዲስን ገጽ ማን እንደተረጎመው ሲታወቅ ከሥራ ተሰናበተች። ሰርክአዲስ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች፤ ደውላም "በኔ ምክንያት ነው" አለቻት።

"በአንቺ አይደለም" አለች ሀዋ ተቆጥታ። "እኔ እጅ የለኝም? የጻፍኩት በእጄ ነው።" አሁን ሎጊያ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ታዋልዳለች።

አዋሽ ላይም የከፋቸው አልጠፉም። አንዳንድ ባለ ሆቴሎች "ያቺ ተከራካሪ" እያሉ ሥራቸውን አዲስ አበባ ላኩት። ወሩ የጠበባት ጊዜ ነበር። በምትኩ ከመልካ ወረር ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬዎች ማኅበር መጣ፤ ሊቀ መንበሩ ገና ሲቀመጡ "ያለንን ብቻ ጻፊልን፤ ገዢ መጥቶ እንዳያፍርብን" አሏት። እሷም ቡና አዘዘችላቸው።

ሰሞኑን ደግሞ ማንነቱን በደንብ ያልተናገረ አንድ ሰው ደወለላት። "ይኼን የወላዶች ገጽ የምትጽፊው በማን ፈቃድ ነው?"

"ስህተት አገኙበት?"

"ስለ ስህተት አላወራሁም። ፈቃድ ነው ያልኩት።"

"ስህተት ካገኙ ይደውሉልኝ፤ ቁጥሬ ከሥሩ አለ" አለችና ስልኩን ዘጋች። ሀዋ ጠዋት ከሎጊያ የላከችው ማስተካከያ ገና ገጹ ላይ አልገባም ነበር፤ አንዱ ጤና ጣቢያ ስልኩን ቀይሯል። ቬንትሌተሩን ወደ ራሷ አዞረችና አዲሱን ቁጥር በአማርኛውም በአፋርኛውም ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረች።