የመታጠፊያው አዋቂ

የብስክሌት ውድድሩ በሰፈሩ ያለፈው ሰኔ አሥራ ሁለት ነው መሰል፤ ወይስ አሥራ ሦስት? ብቻ የውድድሩ አራተኛ ቀን ነበር።

ልብስ ሰፊው ይህን የብዙ ቀን ውድድር ሃያ ዓመት በቴሌቪዥን ተከታትሎ፣ አንዴም በዓይኑ ሳያየው ሰውን ሁሉ ሲንቅ የኖረ ነው። ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ በርጩማውን ይዞ፣ ከሚስቱ ወንድም ጋር በጠዋቱ መታጠፊያው ላይ ቦታ ያዘ።

«ጋሼ፣ ቢጫ የሚለብሰው ትናንት የቀደመው ነው?»

«ምን ዓይነት ደንቆሮ ነህ! የሁሉም ቀን ሰዓት ተደምሮ የሚመራው ነው እንጂ!» ብሎ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ዞረበት።

ከኋላው ጥሩምባ ተሰማ።

«ጋሼ፣ መጡ!»

«እሱ የማስታወቂያ መኪና ነው፤ እነሱ ግማሽ ሰዓት ይቀራቸዋል። ዝም ብለህ ስማኝ!»

አማቹ በልብስ ሰፊው ትከሻ አሻግሮ ተወዳዳሪዎቹ ሲያልፉ፣ ሰባተኛ የሆነውን ቢጫ ለባሽ ሳይቀር አየ። ልብስ ሰፊው ሲዞር መንገዱ ባዶ ነበር።

«ሰባተኛ ሆኖ ያለፈው ነበር መሪው?» ሊለው አማቹ አፉን ሲከፍት፣ አዋቂው በርጩማውን ታቅፎ ሄዷል።