ወሸባ የገባሁበት ክረምት

ኮሮና ከመጣ ወዲህ ሬዲዮኑ ጧት ማታ «ወሸባ» ይላል። ልጄ ከአዲስ አበባ ደውላ «እማዬ፣ ከቤት እንዳትወጪ። ወሸባ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ወይ ጉድ! እሷ ለእኔ ልትነግረኝ! «አውቃለሁ ልጄ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከየት እንዳወቅሁት ግን ነግሬያት አላውቅም።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ከትውልድ መንደሬ ከቢላ ወደ ነቀምቴ ተድሬ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ባሌ ግርማ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በዲጋ በኩል ወደ ጊምቢ እየተመላለሰ ቡና ይጭናል። ሳቂታ ሰው ነበር። እወደው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ጨነገፉብኝ። ከዚያ ገላዬ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ መዳፌም አልቀረ። አማቴ እማማ ዘነበች እጄን ገልብጠው አዩና «ቂጥኝ ነው» አሉ። «ከዘሯ ይዛው መጥታ ነው እንጂ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም።» ይህንኑ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሱት።

ከጓሮ ያለችው ጎጆ ተጠርጋልኝ ወሸባ ገባሁ። ያኔ የቂጥኝ መድኃኒቱ ይኸው ነበር፤ በሽተኛው ከሰው ተለይቶ፣ የተቀቀለ ሥር እየጠጣ፣ ጨው ያልነካው ሥጋ እየበላ ይከርማል። ዝናቡ የሣር ክዳኑን ሲደበድብ ይውላል። ከአጥሩ ወዲያ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት ሲሸተኝ ምራቄን እውጣለሁ። ለጨው ብዬ አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል? አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ስታልፍ በኦሮምኛ «አከም ጂርታ?» ብላ እንዴት እንዳለሁ ትጠይቀኛለች፤ «ፈያ»፣ ደህና ነኝ እላታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማም። ጣሳዬ ለብቻ፣ ሳህኔ ለብቻ። እማማ ምግቤን ደጃፍ አስቀምጠው ይመለሳሉ።

ግርማ ግን ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እኔው ጋ ያድራል። ባልን ማን ይከለክላል? ጣሳዬን የለየው ቤት አልጋዬን መለየት አልታየውም። እኔም አላውቅም፤ እንዲያውም ስለመጣልኝ እመርቀው ነበር።

ሽፍታው ጠፋ። እማማም «እሰይ፣ ዳነች!» ብለው አስወጡኝ። አደይ ሲፈነዳ አረገዝኩ። ሁሉም ደስ ሲለው እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ ይሄስ ልጅ እንደነዚያ ቢሆንብኝ? ገበያ የምሄድ መስዬ ክሊኒክ ገባሁ።

ሲስተሯ ጠና ያለች የአገሩ ሴት ነበረች። ደሜን መርምራ ጠራችኝና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ። «ቂጥኙ ከላይ ጠፋ እንጂ ደምሽ ውስጥ አለ። ፅንሱን ያስወረደሽም እሱ ነው።»

«ከዘሬ ነው ይሉኛል።»

«ከዘርም አይደለም፣ ከጣሳም አይደለም። በወንድና በሴት ግንኙነት ነው የሚተላለፈው። ከባልሽ ሌላ ወንድ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«እንግዲያው ከእሱ ነው። መርፌውን ከጀመርሽ ይሄ ልጅ ይተርፍልሻል። እሱ ካልተወጋ ግን መልሶ ያስይዝሻል። አብራችሁ ኑ።»

ዘሬ ከሐሜቱ ነጻ በመውጣቱ ደስ አለኝ። ግርማ ከየት እንዳመጣው ሳስብ ደግሞ በገንኩ። ቢሆንም ልጁ በለጠብኝ። ጓሮ ጠርቼ ነገርኩት።

«እኔ እኮ ጤነኛ ነኝ» አለ።

«ድሮ ቁስል ወጥቶብህ አያውቅም?»

እናቱ ወዳሉበት ቤት ዞር ብሎ አየ። «እናቴ ምን ትለኛለች? አገሩ ሁሉ ካንቺ እንደመጣ ነው የሚያውቀው» አለኝ።

«ግርማ፣ ልጃችን እኮ ነው!»

እጄን ያዘኝ። «እሺ። ቅዳሜ ጧት ክሊኒኩ ጋ ጠብቂኝ።»

ቅዳሜ ማልጄ ሄጄ ከደጁ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አጣጥፌ አጠገቤ ቦታ ያዝኩለት። «ሰው አለው?» ሲሉኝ «ባለቤቴ እየመጣ ነው» እላለሁ። ረፋዱ ላይ የመኪናውን ጥሩንባ ሰማሁ፤ ከሩቅ እለየዋለሁ። በዲጋ መንገድ አለፈ፤ አልቆመም። ሲስተሯ ብቅ ብላ ነጠላዬን አየች። «ነይ ግቢ» አለችኝ።

መርፌዬን ስጨርስ ጓዜን ሸክፌ ቢላ እናቴ ቤት ገባሁ። ልጄ በሰላም ተወለደች፤ ጩኸቷን ስሰማ እኔም አብሬያት ጮህኩ።

አራስ ሳለሁ ግርማ መጣ። አቅፏት እንባው እየወረደ «እኔም ተወጋሁ እኮ። ጊምቢ፣ ማንም በማያውቀኝ ቦታ» አለኝ በሹክሹክታ። ሊመልሰኝ ነበር የመጣው።

«ለእናትህ ከማን እንደመጣ ነገርካቸው?» አልኩት።

«እሱን እንኳ አልቻልኩም» አለ። ልጄን ከእቅፉ ተቀበልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ አላገባሁም። ብዙ ክረምት ብቻዬን አሳለፍኩ፤ ለምዶብኛል ብል ውሸት ነው። ልጄ አባቷ ጨካኝ ሆኖ ጥሎን የሄደ ይመስላታል። ማታ ስትደውል ልነግራት ቆርጫለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱን አፈረ። ቂጥኙንማ መርፌ አዳነው፤ ባሌን የወሰደብኝ እፍረቱ ነው።