የታከለ ታምቡር መምቻ

የጎጃም ሰው ዱላ ሲመርጥ ሚስት ሲመርጥ ከሚጠነቀቀው ባላነሰ ይጠነቀቃል፤ ታከለንም ጉድ የሠራው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ታከለ ቡሬ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ዳይሬክተሩ አቶ ስዩም ለተማሪዎች ሰልፍ የሚሆን ታምቡር ከደብረ ማርቆስ አስመጡ። ታምቡሩ ደረሰ፤ መምቻዎቹ ግን መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። «ታምቡሩን እኔ እመታዋለሁ፤ መምቻውንም እኔው አበጃለሁ» አለ ታከለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ለምን እንዲህ እንደ ጓጓ የምታውቀው ሚስቱ ታንጉት ብቻ ናት። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲማር፣ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል «እጅህ ከዜማው ይቀድማል» ብለው ሰው ሁሉ እያየ ከበሮውን ከአንገቱ አውልቀውበታል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ከበሮ አልነካም። በበዓል በበዓሉ ግን ጣቶቹ ጉልበቱን ሲደበድቡ ይውላሉ።

ታከለ ወይራ ቆረጠ። ጫፉ ደንደን ያለውን መርጦ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ ከምድጃው በላይ ጢስ አጠገበው። ረቡዕ ዕለት ልምምድ ሲጀመር ታምቡሩ ላይ እንደ ደመኛ ወረደበት። የልጆቹ እግር ተደነባበረ፤ የታምቡሩም ቆዳ ጎደጎደ። አቶ ስዩም ሮጠው እጁን ያዙት።

«ታከለ፣ በዚህ የሚመታው ሌባ ነው እንጂ ታምቡር አይደለም። እስከ ቅዳሜ ደኅና መምቻ ካላገኘህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ከወይራም ከዋንዛም ከክትክታም የቆረጠውን እንጨት ሁሉ ታንጉት ፊት ዘረገፈው። ታንጉት በፈትል የታወቀች ሴት ናት።

«እኔ እንዝርት ስመርጥ አይተኸኝ አታውቅም?» አለችው። ሳንቃ ዘንበል አድርጋ እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየተንከባለሉ እንዲወርዱ ለቀቀቻቸው። ወይራው ገና ከመነሻው ተንገዳግዶ ወደቀ፤ እሷም አንስታ ምድጃ ውስጥ ወረወረችው። ያ ሁሉ ቅቤ! የታከለ አንጀት ተቃጠለ። ቀጥ ብለው የወረዱት ሁለት ቀጫጭን የክትክታ እንጨቶች ብቻ ነበሩ።

«እነዚህማ ዶሮም አያባርሩም!»

«ዶሮ ልታባርር ነው እንዴ? እንካ ያዛቸው። እንዝርት ጨምድደው ከያዙት አይሾርም፤ አንተም ለቀቅ አድርጋቸው።»

ቅዳሜ ልጆቹ ተሰለፉ። ታከለ መምቻዎቹን ለቀቅ አድርጎ ያዘ፤ እንጨቶቹ ቆዳው ላይ ራሳቸው ይነጥሩ ጀመር። የልጆቹ እግር ሁሉ እኩል መሬት ረገጠ። ሰልፉ አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ከሰው መሐል መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን አያቸው። አርጅተዋል፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ታከለ ፊታቸውን ማየት ፈርቶ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። የመቋሚያው ጫፍ፣ እሳቸው ሳያውቁት፣ በእሱ ምት ልክ መሬቱን ይመታ ነበር።

የታከለ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እጁ ግን አልቸኮለም።