የቧንቧው ላብ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ቃሊቲ ውስጥ አንዲት ጭቃ ቤት ከእናቴና ከእናቴ አባት ጋር እኖር ነበር። አያቴን አባባ እላቸዋለሁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያኔ ሠፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እሱ ደግሞ መጥፋት አይሰለቸውም፣ ኩራዙ ይለኮስና ከሰል ምድጃው ዳር እንቀመጣለን፤ የኩራዙ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ፣ አባባ ፍሙን በጉጠት እያገላበጡ ተረት ይነግሩኛል። ሌሎች ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰሙ እኔ የሰማሁት ስለ ቧንቧ ነው።

የአባባ ቧንቧዎች ይደክማቸዋል፣ ያኮርፋሉ፣ ይታመማሉ፣ ይድናሉ። አንዱ ከአዋሽ ሽቅብ ሲመጣ የቆሰለ የባቡር ቧንቧ ነበር፤ አቃቂ እስኪደርስ ዝገቱ ቁስሉን ደፍኖለት፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት ተሻለው። ቧንቧ ካልነካኩት ራሱን ያክማል ይሉኝ ነበር፤ እኔም አፌን ከፍቼ አዳምጣለሁ። ምን ላድርግ፣ ወሬ ያምርባቸዋል።

የቤታችን ቧንቧ ከግቢው ተነሥቶ በእማዬ አልጋ ራስጌ በኩል በግድግዳው ሥር ያልፋል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የግድግዳው ግርጌ መርጠብ ጀመረ። የሚረጥበው ውሃ በመጣ ቀን ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ፤ ሮጬ ለአባባ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። ሰው ሲቆፍር ያልበው የለም ወይ፣ ቧንቧም ሥራ ሲበዛበት ያልበዋል አሉኝ። እውነትም ልክ መሰለኝ። ከመሬት ብቅ ያለችውን ጫፍ ብቻ፣ እንዳይበርዳት ብለው፣ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቀለሉልኝ።

እማዬ አላስቻላትም። ሰይድ የሚባል ጎረቤታችን የሆነ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰይድ የውሃ መክፈቻዎቹን ሁሉ ዘጋና የውሃ ቆጣሪውን አሳየን፤ ማንም ውሃ ሳይቀዳ ቆጣሪው ይዞራል። መሬት ውስጥ ተሰንጥቋል፣ ዛሬውኑ ቆፍረን እንቀይረው፣ አለበለዚያ ግድግዳው ክረምቱን አይችልም አለ። አባባ ግን ቆጣሪውን የሚያዞረው አየር ነው፣ የተቆፈረ ቧንቧ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አይድንም ብለው ድርቅ አሉ። እማዬ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ግድግዳውን አየች። ቤቱን ያሠራችው እሷ ናት፤ ፋብሪካ እየዋለች፣ ከአፏ እየነጠቀች። አባቷን ግን በሰው ፊት እምቢ ብላ አታውቅም። ያኔ መሀል ገባሁ።

«ላቡ እኮ ነው እማዬ» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ፣ ሰይድም ሳይቀር። እማዬ እስቲ ክረምቱ ይውጣና እናየዋለን አለችው፤ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት ከወፍጮ ቤት ስመለስ ግድግዳው የለም። ከታች የበሰበሰው እንጨት ተሰብሮ፣ ጭቃው የእማዬን አልጋ ቀብሮታል፤ ቧንቧው ይፈሳል። አባባ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ደግነቱ ማንም አልሞተም፤ ቤታችን ግን አበቃለት፣ በዚያው ሳምንት የቀሩት ግድግዳዎችም ዘመሙ። እማዬ ከሥራ መጥታ ስታየው አላለቀሰችም፤ አባቷንም አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም። የተናገርኳቸው እኔ ነኝ።

«አባባ፣ ዋሽተውኛል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔም እውነት መስሎኝ ነው ልጄ» አሉ።

እኔና እማዬ ገላን ኮንዶሚኒየም ተከራየን፤ አባባን ሳሪስ አቦ ያለችው አክስቴ ወሰደቻቸው። ይኸው ዛሬም ተከራይ ነን። እማዬ ቤት የሚባል ነገር ዳግመኛ አንሥታ አታውቅም፤ እኔም አላነሣባትም።

ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ቤቱን ያፈረሰው ውሃው ነው፣ አባባን ያፈረስኳቸው ግን እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ሄደን ስንጠይቃቸው ተረት ይንገሩኝ ብዬ እለምናቸው ነበር፤ ረስቼዋለሁ ይሉኛል። ተረቱስ ይቅር። እጃቸው ላይ ሰዓት አስረው እንኳ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሰዓቱን ረጅም ጊዜ አይተው፣ «እንዳልዋሽሽ፣ አክስትሽን ጠይቂያት» ይሉኝ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ።